መውጫ ያልሠራሁለት አልጋ

ውድ ልጄ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ አልጀምርም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ዛሬ ብጠይቅ ለወጉ ያህል ነው፤ እኔ ደግሞ ለወግ ብዬ የማደርገው ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ሕንፃው ሊፈርስ ነው። ይህን ከጥበቃው ሰምተሻል። ተከራዮቹ የተሰጣቸውን ተቀብለው ወጥተዋል። ከምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ጀምሮ አምስተኛ ፎቅ እስከነበሩት ጡረተኛ ድረስ አንድም ሰው የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኔ አለሁ፣ በር ላይ ጥበቃው አለ። ውኃው ከተቆረጠ ሃያ ቀን ሆነው፤ መብራቱም ባለፈው ሳምንት ተከተለው። የኮሪደሩ በሮች ተነቅለው ተወስደዋል። ነፋስ ሲገባ ባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ የቀረው ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ሰው የተመለሰ ይመስለኝና ጆሮዬን አቀናለሁ። ከበሬ አጠገብ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈውብኛል። የመጨረሻው ቀን ወሩ ሠላሳ ሲል ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ነው።

አንቺ ለጥበቃው ሦስት ጊዜ ደወልሽ። ሦስቱንም ጊዜ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ በሬ ላይ ቆመ።

«ልጅዎ ደውላ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ምድር ቤት ክፍል አለኝ፣ ደረጃ የለው፣ ምን የለው፣ ይምጣ ብላለች።»

«አልመጣም በላት።»

«አባቷ እርስዎ፣ እምቢታውን የምናገረው እኔ። ስልኩ ይኸው፣ ራስዎ ይንገሯት።»

ስልኩን አልተቀበልኩትም። በሦስተኛው ጊዜ ተናደደ። «ቆይ አባት፣ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው የያዘዎት?» አለኝ። አልጋውን አሳየሁት። ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ገፋ ሊያደርገው ሞከረ፣ ንቅንቅ አላለለትም። «ይሄ እኮ በበሩ አይወጣም» አለኝ። እንደማይወጣማ አውቃለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።

የምጽፍልሽ ስለዚያ አልጋ ነው። ለጥበቃው ነግሬው በስልክ እንዲያስተላልፍልኝ የማልፈቅደው ነገር አለው።

አንድ ቀን፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ፣ መሬት የወደቀ ሳንቲም ሁሉ ለምን እንደማነሳ ጠይቀሽኝ «ሳንቲም ስለሆነ» ብዬሽ ነበር። መልሱ እሱ አልነበረም። ብየዳ ያስተማረኝ ሰው የለም። ብየዳ ቤት ጠራጊ ሆኜ ገብቼ፣ በያጆቹ ሲሠሩ በስርቆት እያየሁ፣ ዓይኔን በብልጭታው እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። ማንበብም ያስተማረኝ የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ይጠቀለልበት የነበረ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ለበያጆች የሙያ ፈተና ይሰጣል ተባለ። ያለፈ ወረቀት ይይዛል፣ ወረቀት ያለው እጥፍ ይከፈለዋል። ፈተናው ከከተማው ማዶ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ትኬት ቆራጩ የሰጠሁትን አየና አሥር ሳንቲም ይጎድላል አለኝ። ኪሶቼን ሁሉ ገለበጥኩ። የሸሚዜ ኪስ ቀዳዳ ነበር፤ በዚያ ሾልኮ ወድቆ ይሆናል።

«ወንድም፣ ሙላ ወይ ውረድ።»

«ፈተና አለብኝ። ነገ እጥፉን እሰጥሃለሁ።»

«ነገ በዚህ መስመር መሥራቴን ማን ነገረህ?»

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ወረድኩ። ሮጥኩ። ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ በመስታወቱ ውስጥ አጎንብሰው ሲጽፉ አየኋቸው። የሚቀጥለው ዓመት ተመለስ አሉኝ። አልተመለስኩም። ለምን ብትዪኝ እልህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አርባ ዓመት ሙሉ ወረቀት ካላቸው ሰዎች አስበልጬ በየድኩ፤ ከነሱ በታች ተከፈለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት ላይ ያየሁትን ሳንቲም አልፌ ሄጄ አላውቅም። ከአውቶቡስ ወለል፣ ከሱቅ ደጃፍ፣ ከሕዝብ ስልክ ሥር፣ ከፍሳሽ ክዳን ጠርዝ አነሳሁ። ጭቃ ውስጥ ያለውን በጣቴ፣ ጣቴ የማይደርስበትን በሽቦ አወጣሁ። ዝናብ ካባራ በኋላ መንገዱ ብዙ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ከሥራ የምገባው አርፍጄ ነበር። አንቺ በመስኮት ትጠብቂኝ ነበር።

እናትሽ ካረፈች በሦስተኛው ዓመት፣ ስድስት ሲሞላሽ አልጋውን ሠራሁልሽ። አራት ቋሚ ነው። እያንዳንዱ ወፍራም ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ፣ ቁመቱ ያኔ ካንቺ በላይ። ብረቱን በቁርጥራጭ ተሸክሜ ወጥቼ፣ ማሽን ተከራይቼ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው የበየድኩት። የያንዳንዱን ቋሚ ታች በላሜራ ደፈንኩ፤ ውኃ ቢሞላበት እንኳ ጠብ አይልም። አናቱ ላይ ለሳንቲም ብቻ የምትበቃ ስንጥቅ ተውኩ። «አልጋው ያንቺ ነው። ውስጡ የሚገባውም ያንቺ ነው» አልኩሽ።

አልጋውን ዞረሽ ዞረሽ አየሽው። ጎንበስ ብለሽ ከሥሩም አየሽ።

«አባዬ፣ ሳንቲሙ በየት ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም።»

«ስንፈልገውስ?»

«የሚከፈት ነገር ሁሌ ሲከፈት ይኖራል። ዝም ብለሽ ተኚ።»

በአርባ ዓመት ሥራዬ ላይ ጉድለት ያገኘብኝ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ተቆጥቼ ዝም አሰኘሁሽ።

እንዴት እንደምናደርግ ታስታውሺያለሽ። ከመሬት የተነሳ ነገር ሳይታጠብ ቤቴ ውስጥ አይቀመጥም ስለምል፣ ስገባ ኪሴን ሳህን ላይ እገለብጣለሁ፣ አንቺ በሳሙና ታጥቢያለሽ፣ እኔ አንድ በአንድ እከታለሁ። አንድ ቀን በቀሚስሽ ጫፍ ማድረቅ ጀመርሽ።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ላደርቀው ነዋ። እርጥብ ነው።»

«ብረት ጉንፋን አይዘውም። ቀሚስሽን አታቆሽሺ፣ አምጪ።»

እርጥቡን ከተትነው። ቋሚው ባዶ ሳለ ሳንቲሟ ግድግዳውን እየመታች እስከ ታች ስትወርድ ድምፅዋ ረጅም ነበር። አንቺ ጆሮሽን ብረቱ ላይ ለጥፈሽ «ደረሰች» ትይኛለሽ። አንዱ ቋሚ ሲሞላ ስንጥቁን በይጄ ዘጋሁትና ወደ ሁለተኛው ተሻገርን። ያን ቀን እንዳንቺ የተደሰተ ሰው አልነበረም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ።

ብየዳ ቤት ስሜ «ማግኔት» ነበር። አታውቂም ብዬ ነበር፣ ለካ ታውቂ ኖሯል። ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ ምሳዬን ይዘሽልኝ የመጣሽ ቀን፣ ሠራተኞቹ አንድ ሳንቲም በሩ ሥር ካለው ላሜራ ጋር በይደው ጠበቁኝ። ጎንበስ ብዬ ላነሳት ብል እምቢ አለች። በጥፍሬ ሞከርኩ።

«ምነው ማግኔት፣ ዛሬ ጉልበት ከዳህ?» አለ ቀለም ቀቢው።

«ተዉት፣ ላሜራውን ነቅሎ ነው የሚሄደው» አለ ሌላው።

አለቃው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሄጄ መሮና መዶሻ አመጣሁ። በሁለት ምት አላቀቅኳት፣ በጨርቅ ጠርጌ ኪሴ ከተትኳት፣ «ሌላም ካላችሁ በይዱልኝ» አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። አሸነፍኳቸው ብዬ ዘወር ስል አንቺን አየሁ። የምሳ ዕቃውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ አቀርቅረሽ ቆመሻል። እንደኔ ሳንቲም የምትፈልጊ መስሎኝ ደስ አለኝ። አፍረሽ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ የመሬት ቀያሽነት ትምህርት ቤቱን ፈተና አለፍሽ። ከመቶ ምናምን ልጅ የተመረጣችሁት ሃያ ነበራችሁ። መመዝገቢያ የሚከፈል ነበር፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት። ደመወዜ ገና ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥተሽ ፊቴ ቆምሽ።

«አባዬ፣ አልጋውን እንክፈተው።»

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና? ያንቺ ነው ብለኸኛል።»

«ያንቺ ነው። ጊዜው አሁን አይደለም።»

«ጊዜው መቼ ነው ታዲያ?»

«እኔ ስልሽ።»

አላለቀስሽም። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ አለፈ። አንድ ዓመት ሙሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩሺ ቆየሽ፤ በዓመቱ በራስሽ ገንዘብ ተመዝግበሽ ሄድሽ። በሩ ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ «ደህና ሁን» አልሽኝ። እኔ ምን እንዳልኩሽ አላስታውስም።

ለሰው ሁሉ «ትዕግሥት የላትም» ብዬ አወራሁ። እውነቱን ግን ስሚው። የብረት መጋዙ አልጋው ሥር ነበር። ቋሚውን መቁረጥ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። ያልቆረጥኩት ስለፈራሁ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ጎንበስ ብዬ፣ መሳቂያ ሆኜ፣ ተቆርጦ ሲፈስ አንቺን ለማስመዝገብ ባይበቃስ? ቆጥሬው አላውቅም፤ ሆን ብዬ ነው። እስካልቆጠርኩት ድረስ ብዙ ነበር። አንቺ ፊት ጥቂት ሆኖ ከሚታይብኝ ከትምህርቱ መቅረትሽን መረጥኩ። ይህን ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልሰርዘውም።

ያ ትኬት ቆራጭ የማያውቀውን ሰው ነው ከአውቶቡስ ያወረደው። እኔ ያወረድኩት ልጄን ነው፤ ያውም የራሷ ገንዘብ ላይ ተኝታ ሳለች። ዕድሜ ልኬን ስረግመው የኖርኩትን ሰው በምን እንደምበልጠው ብፈልግ አጣሁ።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ አልጋሽ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ሳንቲሙንም አላቆምኩም። እያጠብኩ እከታለሁ። የሆነ ጊዜ ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ሳንቲሟን ስከታት ጠብ የምትል ትመስላለች እንጂ አትንጫጫም። ጆሮዬ ነው አልኩ። ስድሳን ካለፍኩ ወዲህ የማይሰማኝን ነገር ሁሉ በጆሮዬ አሳብቤ ነው የኖርኩት።

እንግዲህ «አልመጣም» ያልኩሽ አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ ክፍሉንም ወድጄው አይደለም። ክፍሉን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አልጋው ሞልቶታል፣ የቀረኝ በጎን ሆኜ የማልፍበት መተላለፊያና መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ነው። ባዶ እጄን በርሽ ላይ መቆም አልቻልኩም። የራስሽን ገንዘብ ይዤልሽ ልምጣ አልኩ። አልጋው በበሩ ካልወጣ ቆርጬ አወጣዋለሁ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ኩታዬን አንጥፌ፣ ባልዲ አቅርቤ፣ መጋዙን አነሳሁ።

መብራት ስለሌለ በእጅ ነው። ከመጀመሪያው ቋሚ ከታች ጀመርኩ። የቱቦላሬውን ግድግዳ ለመብሳት እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ከዚያ ይፈሳል ብዬ ባልዲውን አስጠጋሁ። ምንም አልወጣም። መጋዙ ወደ ውስጥ ሲገባ ብረት ነው፤ ጨመርኩ፣ አሁንም ብረት ነው። ሁለት ምላጭ ተሰበረ። በመዶሻ መታሁት፤ እንደ ድንጋይ ነው የመለሰልኝ። በመሮ ከፍ አድርጌ ቀደድኩትና አየሁ። ሳንቲሙ ሁሉ ዝጎ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ከቋሚው ጋርም ተጣብቆ፣ አንድ ቡናማ ምሰሶ ሆኗል። ያን ሁሉ ዓመት ያፈሰስንበት የሳሙና ውኃ የሚሄድበት አልነበረውም። ታቹን ጠብ እንዳይል አድርጌ የደፈንኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ያማረ ብየዳ ሌላ ቦታ ሠርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ሁለተኛውን፣ ረቡዕ ሦስተኛውን ሞከርኩ። አራተኛውም ያው ነው። በመሮ ፈልፍዬ አሥራ አራት ሳንቲም አወጣሁ። ጥበቃው ማዶ ካለው ሱቅ ወስዶ ሞከረልኝ፤ ሳይቆይ ተመለሰ።

«አባት፣ ባለሱቁ ምን እንዳለኝ ልንገርዎ?»

«ተናገር።»

«የብሎን ራስ አልገዛም አለኝ።»

ሳቅኩ። በስንት ዓመቴ እንደሆነ አላውቅም። ጥበቃው ያበድኩ መስሎት አጠገቤ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩን የነገርኩት፤ ሁሉንም ባይሆን የሚነገረውን ያህል። «እና ልጅቷ ይሄን ታውቃለች?» አለኝ። ታውቃለች አልኩት፤ በስድስት ዓመቷ ነግራኝ ነበር። በየት ይወጣል ብለሽኛል፣ እርጥብ ነው ብለሽኛል። በሁለቱም ልክ ነበርሽ፣ እኔ ተሳስቻለሁ። ይህን ቃል ለሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ አጻጻፉ የከበደኝ ዓይኔ ደክሞ አይደለም።

ትናንት ጠዋት ሳልነግርሽ ልመጣ ተነሳሁ። ሁለት ሸሚዝና መላጫዬን በቦርሳ አደረግኩ። ቤቱን መቆለፉ ትርጉም ባይኖረውም ቆለፍኩ። ደረጃው አፍ ላይ ስደርስ የብረት መደገፊያው የለም። ከላይ እስከ ታች ነቅለው ለቁርጥራጭ ሸጠውታል። ጉልበቴ ድሮ የምታውቂው አይደለም፤ የምወርደው በሁለት እጄ ይዤ ነበር። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ። አንድ እግሬን አወረድኩ፣ ሁለተኛው አልከተል አለኝ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ጥበቃው ከታች ሲያየኝ ሮጦ መጣ።

«ይታዘሉ፣ አዝዬ ላውርድዎ።»

«ሰው ጀርባ ላይ አልወጣም።»

«እሺ እጄን ይያዙ።»

«ተወኝ አልኩህ።»

«ጥሩ» አለኝ፣ ቦርሳዬን ከእጄ ወስዶ። «እንግዲያው ልጅዎን ይጥሯት። እሷንም እምቢ ካሉ ቡልዶዘሩ ያወርድዎታል።»

ተመልሼ ገባሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ጥበቃው ወደ ከተማችሁ ለሚመጣ ሾፌር እሰጥልዎታለሁ ብሎኛል፤ ማክሰኞ ይደርስሻል።

የምሰጥሽ ነገር የለኝም። አልጋው እዚሁ ይቀራል፣ ከሕንፃው ጋር የሚያደርጉትን ያድርጉት። ይቅር በይኝ ብዬም አልጠይቅሽም፤ የምትዪውን አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ሦስት ጊዜ ና ብለሽኛል፤ እኔ አንድ ጊዜ ነይ እልሻለሁ። ከሠላሳ በፊት ነይ። ካልመጣሽም ለጥበቃው ንገሪው፣ መጠበቄን አቆማለሁ።

ደረጃው ስድሳ ስድስት ነው። አንቺ አንድ ደረጃ ቀድመሽኝ ትወርጃለሽ፣ እኔ ትከሻሽን እይዛለሁ። በኔ አወራረድ ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅ አይቀርም። በዚህ ሁሉ ዓመት ልትነግሪኝ የፈለግሽው ካለ እዚያ ላይ ንገሪኝ። አላቋርጥሽም፣ ትቼሽም መሄድ አልችልም። እስከ ታች እሰማሻለሁ።

አባትሽ